የትኛው ደስታ?

ከአርባ ዓመቱ በኋላ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ያህል ለቤተሰብ የሚያሰጋ ፍጡር የለም። መጠጥ የጀመረ ሰው ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ይጸጸታል። ውሽማ የያዘ ሰው ይደበቃል። ፕሮግራም የጀመረ ጎልማሳ ግን አይጸጸትም፣ አይደበቅም፤ ላፕቶፑን ታቅፎ ሳሎን መሃል ይቀመጥና «ኑ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» ይላል። ይህን የምላችሁ ሰው ታዝቤ አይደለም። ሆኜ አይቼው ነው።

ልደታ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ የሠራተኛ ማኅደር ከመደርደሪያ ማውረድና ወደ መደርደሪያ መመለስ ነው፤ በመካከሉ የሚደረግ ነገር ካለ ለእኔ አልተነገረኝም። አምና አለቃዬ «መዘመን አለብን» አለና ለሦስት ወር የቅዳሜ ሥልጠና መዘገበኝ። ከሠራተኛው ሁሉ ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው «ቅዳሜ የሚፈልግህ ሰው የለም ብዬ ነው» አለኝ። ቅን ሰው ነው።

አስተማሪያችን ሕሊና የምትባል ወጣት ነበረች። «ጋሼ መስፍን» እያለች ነው የምትጠራኝ፤ ይህም ከክፍሉ በዕድሜ ትልቁ እኔ መሆኔን በየአሥር ደቂቃው ለሁሉም ለማስታወስ ጠቅሟል። በስድስተኛው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ አንድ ሠንጠረዥ ሣለችና እንዲህ አለች፦

«ጋሼ መስፍን፣ የሠራተኛ መዝገብ ያውቃሉ አይደል? ዳታቤዝም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው አንድ ረድፍ አለው፣ ረድፉም ቁጥር አለው። አባቱ ማን ነው ካሉ፣ የአባቱን ረድፍ ቁጥር ያሳየዎታል፤ እናቱ ማን ናት ካሉም እንደዚያው። ፕሮግራም የምንጽፍበት ቋንቋ ፓይተን ግን በረድፍና በዓምድ አያስብም። እሱ የሚያስበው በኦብጀክት ነው። ኦብጀክት ማለት ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ስም አለው፣ አባት አለው፣ እናት አለው፣ ሲጠሩት አቤት ይላል።»

«ታዲያ ሁለቱን ማን ያስማማቸዋል?» አልኳት።

«እሱን ነው ዛሬ የምንማረው። ረድፉን አንሥቶ ሰው የሚያደርግ፣ ሰውየውን መልሶ ረድፍ የሚያደርግ አስማሚ አለ።»

ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ሰው.እናት.አባት» ብላ ጻፈች። አንድ ነጥብ ባስቀመጣችሁ ቁጥር አንድ ትውልድ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። እናት፣ የእናት አባት፣ የእናት አባት እናት… ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ደግሞ ፓይተን በእኛው ፊደል ስም ብትሰጡት አያኮርፍም። እኔ ያን ቀን ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምክንያቱም ይህን ሥራ በእኛ ቤተሰብ ውስጥ ላለፉት ስድሳ ዓመታት ያለ ምንም ኮምፒውተር የሚሠሩ አንድ ሰው አውቃለሁ።

እትዬ አሰለፈች የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ ነው፤ ከልደታ ማርያም ጀርባ ብቻቸውን ይኖራሉ። በእኛ ዘመድ ዘንድ ማንም ሰው እሳቸው ዘር ሳይቆጥሩለት አይታጭም። ሙሽራውንና ሙሽሪትን እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ መሃል ላይ አንድ ሰው ሁለቱንም ወገን ከነካ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። ሁሉም ነገር ጥቁር ልባስ ባለው አንድ ትልቅ ደብተር ላይ ሰፍሯል። ደብተሩን የሚያነቡት ግን ለማረጋገጥ ሳይሆን ደብተሩ እንዳይረሳ ነው የሚመስለው።

ሕሊና «ለመጨረሻ ፈተና ከቤታችሁ የምታውቁትን ነገር በሠንጠረዥ አስቀምጣችሁ ወደ ኦብጀክት ቀይሩት» ስትለን፣ አንዱ የዶሮ እርባታ፣ አንዷ የልብስ መሸጫ መረጡ። እኔ ዘሬን መረጥኩ።

ለአምስት እሑዶች ከሰዓት በኋላ በእትዬ አሰለፈች ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ እሳቸው እያነበቡልኝ እኔ ስጽፍ ዋልኩ። ሥራው መልካም ሄዶ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጋጨን።

«ባላምባራስ ደስታ ወልዴ ብለህ ጻፍ።»

«ደስታ ወልዴ። ጽፌያለሁ እትዬ።»

«ባላምባራሱስ?»

«በእኔ ሠንጠረዥ ማዕረግ የሚባል ዓምድ የለም።»

«አድርግለታ።»

«እዚህ ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል ነው፣ እትዬ።»

እትዬ አሰለፈች መነጽራቸውን አወለቁና ረጅም ጊዜ አዩኝ። «በአብዮቱ ጊዜም እንዲህ የሚል ሰው እዚህ ሰፈር ነበር» አሉ። «እሱም ሠንጠረዥ ነበረው።» ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ማንበባቸውን ቀጠሉ። እኔም ባላምባራሱን፣ ግራዝማቹን፣ እመቱን፣ መምሬውን እያራገፍኩ ስም ብቻ ማስገባቴን ቀጠልኩ።

ፕሮግራሜ አንድ ብልሃት ነበረው፤ አሁን ብልሃት ብዬ ስጠራው ጆሮዬ ይቀላል። በደብተሩ ላይ አንድ ሰው አሥር ቦታ ሊነሣ ይችላል፤ የዚህ አባት፣ የዚያች አያት እየተባለ። በተነሣ ቁጥር አዲስ ረድፍ ቢከፈትለት አንዱ ሰው አሥር ሰው ሊሆን ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን «ስሙ ቀድሞ ካለ አዲስ ሰው አትፍጠር፤ ያለውን ተጠቀም» አልኩት። ሕሊና አይታው «ጎበዝ ነዎት፣ ግን ስም ብቻውን ይበቃል?» ብላኝ ነበር። ይበቃል አልኳት። በዚያን ሰሞን የማይበቃኝ ነገር አልነበረም።

በዚህ መሃል ነው የቤዛ ነገር የመጣው። ቤዛ የእህቴ የአልማዝ ልጅ ናት፤ በአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ያሬድ ከሚባል የጌጃ ሰፈር ልጅ፣ የመንገድ መሐንዲስ፣ ጋር አራት ዓመት ተዋደው ነበር። የያሬድ አባት አቶ ታደሰ ሽማግሌ ላኩ። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌዎቹ የልጁን ዘር በአባቱም በእናቱም እስከ ሰባት ቤት የያዘ ወረቀት ይዘው መጡ፤ አቶ ታደሰ በእጃቸው የጻፉት፣ ኅዳጉ ሳይቀር የተለካ። እትዬ አሰለፈች ወረቀቱን ወስደው ሁለት ቀን ዋሉበትና «የለበትም» አሉ። በእሳቸው አነጋገር «የለበትም» ማለት ዝምድና የለም፣ ልጆቹ ይጋቡ ማለት ነው። እኔም ወረቀቱን ተውሼ፣ ያሬድን ከነአያት ቅድመ አያቶቹ ሠንጠረዤ ውስጥ አስገባሁት። ለማየት ያህል እንጂ ማንም አዞኝ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ የመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የአልማዝ ሳሎን ታጥቦ፣ መጋረጃው ተቀይሮ፣ ዶሮው ከቅዳሜ ጀምሮ ሲሸት ያደረበት ቤት ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀመጡ። እትዬ አሰለፈች ከፊት ለፊታቸው። እኔ ጥጉ ላይ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ዋናው ሽማግሌ በወጉ መሠረት ጠየቁ፦ «ዝምድናው ተጣርቷል?»

«ተጣርቷል» አሉ እትዬ አሰለፈች። «የለበትም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እናንተ ብትሆኑ እዚህ ላይ ዝም ትሉ ነበር። ቤዛ በጓዳው በር በኩል ሳህን ይዛ ቆማ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁና «በኮምፒውተርም ይረጋገጥ» አልኩ።

ሽማግሌው ዞር አሉ። «ኮምፒውተር ዘር ይቆጥራል እንዴ?»

«በአንድ ሴኮንድ» አልኳቸው።

ሦስቱም ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ። የሁለቱን ስም አስገባሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ቤዛ እና ያሬድ፦ ዝምድና አለ። በአምስተኛ ቤት። መገናኛ፦ ደስታ ወልዴ።»

ያኔ የተሰማኝን ልዋሻችሁ አልፈልግም። ደስ አለኝ። ፕሮግራሜ አንድ ነገር አገኘ፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ያላየውን የአምስት ሳምንት ሠንጠረዥ አየው። በዚህ ስሜት ውስጥ እያለሁ ነው ጮክ ብዬ ያነበብኩት።

አልማዝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እትዬ አሰለፈች ብቻ አልደነገጡም። «የትኛው ደስታ?» አሉ።

«ደስታ ወልዴ።»

«እኮ። የትኛው?»

«እትዬ፣ ደስታ አንድ ነው» አልኳቸው፤ ትዕግሥተኛ አስተማሪ ልጅን እንደሚያስረዳ ዓይነት። «እዚህ ውስጥ ደስታ ወልዴ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ማሽንህ ያውቃል» አሉና ከንፈራቸውን ገጠሙ። ከዚያ በኋላ ሰው ቢለምናቸውም አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንግዲህ ኮምፒውተር ካለ…» አሉ ዋናው። ሌላ የጨመሩት ነገር የለም። በአገራችን እሳቸው የሚያህል ሰው «ኮምፒውተር ካለ» ብሎ ከጀመረ ዓረፍተ ነገሩ አልቋል። የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄዱ። ቤዛ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች። አላለቀሰችም። አጠገቤ መጥታ ቆመችና ድምፅዋን ሳታነሣ «ጋሼ፣ ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

የዚያ ሳምንት ነገር አይነሣ። አልማዝ ስልኬን አታነሣም። አንድ ጊዜ ብቻ አነሣችና «ልጄን ካንተ ጋር እንኳ ያዛመደ ማሽን ምን ያቅተዋል» ብላ ዘጋችው። ያሬድ ሰኞ ጠዋት ደወለልኝ። ምስኪኑ ልጅ መሐንዲስ ነው፤ በእሱ ሙያ ማንኛውም ልኬት የሚፈቀድለት ስሕተት አለው።

«ጋሼ መስፍን፣ አምስተኛ ቤት ያልከው በትክክል አምስት ነው? ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አይልም?»

«አይልም፣ ያሬድ።»

«ስድስት ተኩል እንኳ ቢሆን ወደ ሰባት ይጠጋ ነበር» አለኝ። ቤዛም ስልክ እንደማታነሣለት፣ አባቱም «ተወው» እንዳሉት ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ታዲያ ፕሮግራሙን እንደገና ጠየቅሁት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ አሥራ አንድ ጊዜ። አሥራ አንዱንም ጊዜ ያንኑ መለሰልኝ። የኮምፒውተር ክፋቱ ይሄ ነው። ሰውን ደጋግማችሁ ብትጠይቁት ቢያንስ አራተኛው ላይ መጠራጠር ይጀምራል። እሱ ግን ቢሳሳትም እንቅልፍ አያጣም። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ጊዜ ከተናገረ እውነት መሆን አለበት ብዬ አመንኩት፤ ሳዝን ሳዝን የሚያጽናናኝ እንዳልተሳሳትኩ ማሰቤ ብቻ ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቤዛ ቢሮዬ መጣች። ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም፤ ክሊኒኩ ከእኛ ሁለት ታክሲ ማቆሚያ ነው። ሰላም ሳትለኝ ወንበር ሳበችና «አሳየኝ» አለች።

«ምኑን?»

«የተዛመድንበትን።»

ላፕቶፑን ከፈትኩላት። ነጥብ እያደረግሁ በእሷ በኩል ወጣሁ፤ እናቷ፣ የእናቷ አባት፣ እያልኩ እስከ ደስታ ወልዴ። ከዚያ በያሬድ በኩል ወጣሁ፤ አባቱ፣ የአባቱ አባት፣ እያልኩ እዚያው ደስታ ወልዴ ላይ አረፍኩ። «ይኸውልሽ፣ አንድ ሰው ላይ ነው የምትገናኙት» አልኳት።

ቤዛ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። «ጋሼ፣ እኛ ላብራቶሪ አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሁለት በሽተኞች በሳምንት ሦስቴ ይመጡብናል። አንድ ካርድ ላይ ብንጽፋቸው የአንዱን ደም ውጤት ለሌላው እንሰጣለን። ስለዚህ የእናት ስም እንጠይቃለን። የደስታ እናት ማን ናት?»

አየሁ። «አልተሞላም።»

«የትውልድ ቦታ?»

«እሱ ዓምድ የለውም።»

«የደስታን ልጆች አውጣልኝ።»

አወጣሁላት። ሁለት መስመር መጣ። አንደኛው «የሺመቤት፤ አባት፦ ደስታ ወልዴ» ይላል። ሁለተኛው «አስፋው፤ እናት፦ ደስታ ወልዴ» ይላል። የሺመቤት የእኛ ናት፤ አስፋው የእነ ያሬድ ነው።

ቤዛ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ደስታ ወንድ ናት ወይስ ሴት ነው?»

እናንተ ደስታ የሚባል ስም ለወንድም ለሴትም እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ፤ ጎረቤቴ ወይዘሮ ደስታ ናት፣ ሾፌራችን አቶ ደስታ ነው። ፕሮግራሜ ግን አያውቅም። ፆታ የሚባል ዓምድም አልሰጠሁትም፤ ሰው ሁሉ እኩል ነውና። ባላምባራሱንና እመቱን ደግሞ በገዛ እጄ ነው ያራገፍኳቸው። ስለዚህ አንድ ባላምባራስና አንዲት እመቤት ስማቸውና የአባታቸው ስም ስለገጠመ ብቻ በእኔ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ላይ ተጋድመው፣ አንድ ሰው ሆነው፣ ለአንዱ አባት ለሌላው እናት ሆነው ይኖሩ ነበር። አስማሚው መሣሪያ ደግሞ የሰጠሁትን ረድፍ በታማኝነት ወደ ሰው ቀየረልኝ። ሁለት ሰው የነበሩ መሆናቸውን ከየት አምጥቶ ይወቅ?

ቤዛ ሳቀች። መጀመሪያ በእጇ አፍና፣ ኋላ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን አስደግፋ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እስኪያየን ሳቀች። ቀና ስትል ግን ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁትን ነገር ልኩን ያየሁት። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እትዬ አሰለፈች ይህን ያውቃሉ ማለት ነው።»

«ያውቃሉ» አልኩ። «የትኛው ደስታ ብለው ጠይቀውኝ ነበር።»

«አንተ ምን አልካቸው?»

ምን እንዳልኳቸው እያወቀች ነው የጠየቀችኝ።

ከሰዓት ፈቃድ ጠይቀን አብረን ሄድን። እትዬ አሰለፈች በራቸውን ከፈቱ፣ አንድ በአንድ ሳሙን፣ አስቀመጡን። ከዚያ ለእኔ ብቻ ጀርባቸውን ሰጥተው ከቤዛ ጋር ስለ ክሊኒኩ ማውራት ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ወባ አወሩ።

«እትዬ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ደስታ ወልዴ ሁለት ናቸው?»

«አንድ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ተሳስቼ ነው።»

«እ?» ጆሯቸው እንደ እኔ ጆሮ ነው የሚሰማው።

«ተሳስቻለሁ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዞር አሉ። «ባላምባራስ ደስታ የቡልጋ ሰው ነው፤ ቁጡ፣ ባለ በቅሎ። እመት ደስታ የሰላሌ ሴት ናት፤ ስድስት የወለደች። በአንድ ገበያ እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። አንተ ሰውዬውን አምጥተህ እናት አደረግኸው። ቢኖር ይገርፍህ ነበር።»

ቤዛ ግን አልሳቀችም። «እትዬ፣ ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አለች። «እኔ አራት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

የእትዬ አሰለፈች ፊት ወዲያው ተለወጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማንያ አንድ ዓመት የሆናቸው መሰሉኝ። «ሰኞ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። በስድሳ ዓመት ውስጥ ቃሌን በሰው ፊት የጣለብኝ የለም፤ ልቤ እምቢ አለኝ። አንቺን ግን በደልኩሽ። ዛሬ ባትመጡ ነገ እኔው ልመጣ ነበር።» እውነታቸውን ነበር፤ የክት ቀሚሳቸው ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ቤዛ ተነሥታ ጉልበታቸውን ስማ አቀፈቻቸው። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በጥንቃቄ አነበብኩ።

እዚያው ሶፋ ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ማዕረግ፣ ፆታ፣ አገር የሚሉ ዓምዶች ጨመርኩ። ስም ሲገጥም ዝም ብሎ እንዳያዋህድ፣ «ያው ሰው ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ከዚያ እትዬ አሰለፈች እያንዳንዱን ረድፍ አነበቡልኝ። አንድ መምሬን ከአንድ ነጋዴ ጋር፣ አንዲት መነኩሲትን ከአንዲት የአሥር ልጆች እናት ጋር አዋሕጄ ኖሯል። ሁሉንም ለያየናቸው። ስንጨርስ ስክሪኑ «ዝምድና አልተገኘም» አለ።

«እኔ ብዬው ነበር» አሉ እትዬ አሰለፈች።

የቀረው አቶ ታደሰ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት እኔና እትዬ አሰለፈች ጌጃ ሰፈር ሄድን። አቶ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ያለ ወረቀት ሁሉ የተበሳና የተጠረዘ ነው። የመጣንበትን ነገርኳቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ሽማግሌዎቹ የሰውየውን ስም አልነገሩኝም» አሉ። «'ኮምፒውተሩ አገኘ' ብቻ ነው ያሉኝ። ስም ቢነግሩኝ ቅድመ አያቴን አላጣትም ነበር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

«ቆይ። ያ ውሳኔ በጽሑፍ ነበር የተሰጠው?»

«በስክሪን ነው።»

«ፊርማ አለው?»

«የለውም።»

«ማኅተምስ?»

«እሱም የለውም።»

አቶ ታደሰ ወደ ኋላ ተደገፉ። «እንግዲያው መጀመሪያውኑ ውሳኔ አልነበረም» አሉ። እንዲህ ያለ ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም። ብቻ ለማኅደሩ ይሆናል ብለው፣ ጥፋቴን በጽሑፍ እንዳስቀምጥላቸው አዘዙኝ። ነጭ ወረቀት ሰጡኝ፤ ጻፍኩ። አንብበው መለሱልኝ፤ «ስሕተት» የሚለውን በሃሌታው ሀ ጽፌው ኖሯል፤ በሐመሩ ሐ መሆን አለበት አሉኝ። እንደገና ጻፍኩ። እትዬ አሰለፈች ምስክር ብለው ፈረሙ፤ ከስማቸው ፊት «ወይዘሮ» የሚለውን በትልቁ ነው የጻፉት፣ እየጻፉም ቀና ብለው አዩኝ።

ያሬድ ከጓዳ ብቅ ሲል አባቱ ወረቀቱን አነሡና «ደውልላት» አሉት። ልጁ ስልኩን ለማውጣት ሲጣደፍ ሁለት ጊዜ ጣለው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን እዚያው ቀን ተቆረጠ። የያሬድ እናት ምሳ አቀረቡ፤ በላን፣ ጠጣን፣ እትዬ አሰለፈችና የያሬድ እናት በአንድ ነገር ተስማምተው መሳሳቅ ጀመሩ።

ልንወጣ ስንል አቶ ታደሰ እኔን በክንዴ ይዘው ወደ በሩ አወጡኝ። ወደ ኋላ ዞር ብለው ሚስታቸው እንደማይሰሙ አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ፣ እኔንና ባለቤቴንም እዚያ ውስጥ አስገብተኸናል?»

«አዎ ጋሼ። ያሬድ ያለ ወላጅ አይመዘገብም። የሁለታችሁም ዘር እስከ ላይ ድረስ አለ።»

«ስለ እኛ ጠይቀኸዋል?»

«አልጠየቅሁትም።»

አቶ ታደሰ ከውስጥ የሚመጣውን የሚስታቸውን ሳቅ ጥቂት አዳመጡ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ኖረናል» አሉኝ። «አደራህን፣ እንዳትጠይቀው።»